አንበሳው ተኝቶ ነበር፦ ሁለት ልጆች ይዘን አንድነት ፓርክ የሄድንባቸው ሁለት ቀናት

ትልቁ ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወሩ፣ ትንሿ ደግሞ ሰባት ወሯ ነበር። በኅዳር ወር ሁለቱንም ይዘን አንድነት ፓርክ ሄድን። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት። የመጀመሪያው ቀን በለቅሶ አለቀ። በሁለተኛው ግን ልጆቹም እኛም ደስ ብሎን ቤታችን ገባን። ፓርኩ ያው ፓርክ ነው፤ ልጆቹም ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው የኛ አካሄድ ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀን ከነሰዓቱ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። ሕፃን አዝላችሁ፣ ትንሽ ልጅ በእጃችሁ ይዛችሁ ለመውጣት ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ነን። በሁለተኛው ቀን እማዬ ተጨመረች። ይሄ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም።

ቦታው

አንድነት ፓርክ ያለው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ ስትወርዱ። የተመረቀው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያ ግቢ ለኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ረጅም አጥር ብቻ ነበር። በታክሲ እናልፈዋለን እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አናውቅም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው አካባቢ ኖራ በሩን ረግጣው አታውቅም ነበር።

ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ሲወርዱ ለቤተ መንግሥት የመረጡት ኮረብታ ነው። ኮረብታ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ልጅ የያዘ ሰው ከታሪኩም በፊት ማወቅ ያለበት ይሄንን ነው። ሽቅብ አለው፣ ቁልቁል አለው፣ ደረጃ አለው። የቤተ መንግሥቱ ግቢ በጠቅላላው ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። በውስጡ የምኒልክ መኖሪያ፣ እንቁላል ቤት፣ ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ፣ የክልሎች ማሳያ፣ የእንስሳት ማቆያ፣ የልጆች መጫወቻ አለ። ትልቅ ሰው ብቻውን ቢሄድ እንኳ አንድ ቀን አይበቃውም። ለአራት ዓመት እግር ደግሞ አገር ማለት ነው።

እሑድ

ከቤት ልንወጣ ያሰብነው 4 ሰዓት ላይ ነበር። የወጣነው 5፡30 ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ይሄን ያውቀዋል። ጫማ አድርገሽ፣ ቦርሳ አንጠልጥለሽ በሩን ስትከፍቺ ዳይፐር ይሞላል። እሱን ቀይሬ ስጨርስ ትልቁ ጭማቂ ልብሱ ላይ ደፋ። እሱንም ቀየርን።

ትንሿ ልጄ ጠዋት የምትተኛው 4 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን ነቅቶ የሚቆየው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይነጫነጫል። ያን ቀን ግን «መኪና ውስጥ ትተኛለች» ብለን ሳናስተኛት ወጣን። እውነትም ተኛች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ። ታክሲው በሩ ላይ ሲቆም ነቃች። እንዲህ ያለ አጭር እንቅልፍ ለሕፃን አይበቃም። ድካሙ አልወጣላትም፣ መልሳ ለመተኛትም እምቢ አለች።

6 ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ነበርን። እሑድ ቀትር የአዲስ አበባ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ልጁን አልብሶ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሰልፍ አለ፣ ፍተሻ አለ። የቤተ መንግሥት ግቢ ነውና ፍተሻ መኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ እኛ ግን አላሰብንበትም። ጋሪ፣ ትልቅ ቦርሳ፣ ትንሽ ቦርሳ፣ የምግብ ፌስታል። ሁሉም ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይዘጋል። ጋሪው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ልጁ በዚህ መሐል «አንበሳው የት አለ?» ማለት ጀመረ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያልም የከረመው አንበሳውን ነው። ማታ ማታ በአራት እግሩ እየሄደ ያገሳብናል። ወደዚህ የመጣነውም በዋናነት ለእሱ ነበር። ነገር ግን ገና እንደገባን ባለቤቴ «እግረ መንገዳችንን ታሪካዊዎቹን ቤቶች እንይ» አለ። እኔም ተስማማሁ። ባለቤቴ ታሪክ ይወዳል፤ የተጻፈ ነገር ሳያነብ አያልፍም። በዚህ አልወቅሰውም፣ ለዘመናት ተዘግቶ የነበረ ግቢ ነው። ልጁ ግን ክንዱን እየጎተተ «አንበሳውስ?» ይላል። እኔ ጋሪውን ሽቅብ እየገፋሁ ነው። ደረጃ ሲመጣ አንስቼ እሸከማለሁ። ትንሿ በጋሪው ውስጥ ፀሐይ ፊቷ ላይ እያረፈባት ትነጫነጫለች።

የፀሐዩን ነገር ትንሽ ልበልበት። ኅዳር ላይ ጠዋቱ ስለሚበርድ ልጆቻችንን ደራርበን አልብሰናል። ቀትር ላይ ግን ሌላ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም እንጂ የሕፃን ቆዳ ቶሎ ይጎዳል። እኛ ኮፍያዋን ቤት ረስተን፣ ሹራቧን ግን አልረሳንም።

አንበሳው ጋ የደረስነው 7፡30 ላይ ነው። ተኝቷል። ከጥላው ሥር ተጋድሞ፣ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ። የሚንቀሳቀሰው የጅራቱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ዝንብ ያባርራል። ልጄ ዝም ብሎ ካየው በኋላ፣

«ሞቷል?» አለኝ።

«አልሞተም፣ ተኝቷል።»

«እሺ ቀስቅሺው።»

እንደማይቀሰቀስ ስነግረው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። የእልህ ለቅሶ አይደለም፤ የሐዘን ለቅሶ ነው። እናት ትለየዋለች።

በኋላ ሳስበው፣ አንበሳው ምንም አላጠፋም። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ድረስ የሚተኛ እንስሳ ነው። የሚንቀሳቀሰው ቀዝቀዝ ሲል ነው፤ ጠዋትና ማታ። በቀትር ፀሐይ ሄዶ የሚያገሳ አንበሳ መጠበቅ የኛ ስህተት ነው። ይሄን ደግሞ የማናውቅ ሰዎች አልነበርንም። ልጅ ሆኜ እማዬ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስትወስደኝ የምንሄደው በጠዋት ነበር። የዚያ ግቢ አንበሶች ጋማቸው ጥቁር ነው፤ እስከ ደረትና ሆዳቸው ይወርዳል። በ2005 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እኔ ያንን ጥቁር ጋማ በጠዋት ብርሃን እያየሁ ነው ያደግኩት። ልጄን ግን በቀትር ወሰድኩት።

ወዲያው ትንሿ ራባት። ጡትም ጡጦም ትወስዳለች። ጡጦውን ከቦርሳ ሳወጣ ቆም አልኩ። ወተቱን የበጠበጥኩት 4 ሰዓት ላይ፣ ልንወጣ ስንል ነው። አሁን 8 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ለሕፃን አይሰጥም፤ ባክቴሪያ ይራባበታል። ደፋሁት። ጡት ልሰጣት ስል ደግሞ ደክሟታል፣ ሞቋታል፣ በዙሪያዋ ጫጫታ ነው። ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትጮኻለች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በነጠላ ሸፍኛት፣ እኔም ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ባለቤቴ ውሃ ሊገዛ ሄደ።

ሲመለስ «ልጁስ?» አለኝ።

«ካንተ ጋር አይደለም እንዴ?»

«ካንቺ ጋር መስሎኝ!»

ከዚያ በኋላ ያለው አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው። ሰዓት አላየሁም። ጡቴን እንኳ በደንብ ሳልሸፍን ሕፃኗን ይዤ እየሮጥኩ ስሙን እጣራለሁ። እሑድ ስለሆነ በየቦታው ልጅ አለ። ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ መሰለኝ። ባለቤቴ በሌላ በኩል ሄደ።

ያገኘነው በአንዲት እናት እጅ ላይ ነው። ከቤተሰቧ ጋር ልትዝናና የመጣች ሴት ናት። እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በቆመበት ቆማ እየጠበቀችን ነበር። እንዲህ ስላደረገች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይዛው ወዲያና ወዲህ ብትሄድ ኖሮ እንተላለፍ ነበር። «የእናትህ ስም ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ‹ማሚ› አለኝ» አለችኝ። «የአባትህስ ስል ‹ባባ›፤ ቤታችሁ የት ነው ስለው ‹ቤታችን›።» እውነቱን ነው። ሌላ ምንም አላስተማርነውም። ፊደል ያውቃል፣ እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ የእናቱን ስም ግን አያውቅም ነበር።

8፡30 ላይ ወጣን። መጫወቻው ጋ አልደረስንም። ታክሲ ውስጥ ማናችንም አላወራንም። ሁለቱም ልጆች መስቀል አደባባይ ሳንደርስ ተኙ።

ማታ ላይ ያወራነው

ባለቤቴን የቆጨው ነገር «ከፍለን ገብተን ግማሹን እንኳ አላየንም» የሚለው ነው። ይሄ ስሜት ብዙዎቻችን ጋ አለ። በልፋት የተገኘ ብር ነው፣ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ግን ያን ቀን ያበላሸው እሱ ስሜት እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ። ሁሉንም ለማየት ስለፈለግን ልጁ የፈለገውን አንድ ነገር በማይሆን ሰዓት አሳየነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ምክር ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሕፃኗ ስንት ሰዓት ተኛች?»

«አልተኛችም።»

«ልጁ ምን ነበር ያማረው?»

«አንበሳ።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ ምን አስኬዳችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይታ «ጋሪውን ቤት ተዪው፣ እኔ አዝላታለሁ» አለች።

በእሷ ጥያቄ ላይ ብዙ ቀን አሰብኩ። ወደ አንድ ቦታ የሄድን ቢመስለንም እያንዳንዳችን የሄድነው ወደተለያየ ቦታ ነው። ሕፃኗ የምትፈልገው እንቅልፍ፣ ወተትና ጥላ ነው፤ ቤተ መንግሥት ይሁን ጓሮ አይገዳትም። ልጁ የሚፈልገው አንድ ነገርና የሚሮጥበት ሜዳ ነው። እኛ ደግሞ ለማየት እንፈልጋለን። ሦስቱን በአንድ ሰዓት እኩል ማድረስ አይቻልም። አንዱ መቅረት ካለበት የኛ ነው የሚቀረው። ይሄን ስል ወላጅ መስዋዕት ይሁን ማለቴ አይደለም። ትልቅ ሰው ሌላ ቀን ብቻውን ተመልሶ መምጣት ይችላል። የአራት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ቀን የሚባል ነገር አይገባውም።

ለሁለተኛው ጉዞ የተነጋገርነው በዚህ ላይ ነው። ቀኑን በሕፃኗ እንቅልፍ ላይ እንሠራዋለን። የመጀመሪያው ነገር አንበሳ ነው። ከአንበሳው በኋላ መጫወቻ። ሌላው ሁሉ ከተገኘ ተገኘ፣ ካልተገኘ ይቅር። ባለቤቴ «ይቅር» የሚለውን ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጀበት።

ቅዳሜ

ያዘጋጀነው ዓርብ ማታ ነው። የዱቄት ወተቱን በደረቅ ዕቃ፣ በልክ በልክ ከፋፍዬ ያዝኩ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ሳይሆን ገና ትኩስ ውሃ በፔርሙዝ። ለሕፃን የዱቄት ወተት ውሃው ቢያንስ 70 ዲግሪ ሆኖ ቢበጠበጥ ይመከራል፤ ከዚያ ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ማብረድ ነው። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ሳይሆን ከዚያ በፊት መጀመር አለበት።

ቦርሳው ቀለለ። አራት ዳይፐር፣ ለሕፃኗ ሁለት ቅያሪ፣ ለልጁ አንድ፣ ለኔ አንድ ቲሸርት። ኮፍያ ለሁለቱም። ሙዝ፣ ዳቦ በእንቁላል፣ ውሃ። ጋሪው ቤት ቀረ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጁን ስሜን፣ የአባቱን ስምና የስልክ ቁጥሬን አስተማርነው። ቁጥሩን በዜማ ነው ያስተማርነው፤ በሦስት ቀን ያዘው። ለማንኛውም ብለን ጠዋት ላይ ክንዱ ላይ ከእጅጌው ሥር በእስክሪብቶ ጻፍንበት። ቢጫ ሹራብ አለበስነው። በሩ ላይ ስንደርስ ፎቶ አነሳሁት፤ ቢጠፋ የዛሬ ልብሱን በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል። «ከጠፋህ ባለህበት ቁም፤ ልጅ የያዘች እናት ወይም ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ፈልገህ ቁጥርህን ዘምርለት» አልነው። መንገድ ላይ ደጋግሞ ዘመረልን።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ይሄ ነው፦ ልጁ የባለቤቴ ነው፣ ሕፃኗ የኔና የእማዬ ናት። መቀያየር ካለ በቃል ይነገራል። «ካንቺ ጋር ነው።» «አዎ፣ ከኔ ጋር ነው።» ሁለተኛዋ ሰው መልስ ካልሰጠች አልተረከበችም ማለት ነው። እሑድ ዕለት የጠፋው ይሄ አንድ ቃል ነበር።

በሩ ሳይከፈት ደረስን። ብርድ ነበር፤ እማዬ ጋቢዋን ለልጁ አለበሰችው። ሰው ጥቂት ነው። ፍተሻውን በሁለት ደቂቃ አለፍን። ቀጥታ ወደ እንስሳቱ። ባለቤቴ ታሪካዊዎቹን ቤቶች ዞር ብሎ አላያቸውም።

አንበሳው ቆሟል። እየሄደ ነው፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ትከሻው እየተነሳና እየወረደ። ጠዋት ስለሆነ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ልጄ ምንም አላለም። የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ ዝም አለ። የአባቱን ሌባ ጣት በሙሉ እጁ ጨብጦ ይዟል። አንበሳው ወደኛ በኩል ዞሮ ሲያይ ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ መልሶ ወደ ፊት መጣ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ማንም እንሂድ አላለም። በመጨረሻ ራሱ «ጠግቤዋለሁ» አለ። ቃሉ የእሱ ነው።

4 ሰዓት ሊሆን ሲል ትንሿ ዓይኗን ማሸት ጀመረች። እማዬ አጎንብሳ ጀርባዋ ላይ አደረገቻት፤ እኔ ማዘያውን አለበስኩላት፣ በነጠላ ሸፈንናት። ከዛፎቹ ሥር፣ በጥላው በኩል፣ ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች። እሹሩሩ ትላለች፤ ድምፅዋ ለራሷም የሚሰማት አይመስለኝም። ከአንድ መቶ እርምጃ በኋላ የሕፃኗ እጅ ከነጠላው ሥር ወጥቶ ተንጠለጠለ። ተኝታለች። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተኛች። በጋሪው ላይ በሽቅቡና በድንጋዩ መንገድ ስትንገጫገጭ የነበረች ልጅ ናት።

ጋሪ አይጠቅምም አልልም። ሜዳ በሆነ ቦታ፣ ለብቻዋ ለምትሄድ እናት ወገብ ያድናል። እዚህ ኮረብታ ላይ ግን ጀርባን የሚያህል የለም።

ባለቤቴና ልጁ መጫወቻው ጋ ሲሆኑ እኔና እማዬ ሕፃኗን አዝለን እንቁላል ቤትን አየን። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ገባን። እማዬ ጣሪያውን ቀና ብላ እያየች ቆመች። ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ «የነ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ እስር እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር» አለችኝ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ከገደላቸው 60 ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የታሰሩት በዚሁ ግቢ ምድር ቤት ነው። እማዬ ያኔ ተማሪ ነበረች፤ ዜናውን በሬዲዮ ስትሰማ የነበረችበትን ክፍል ታስታውሳለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ተኝታ ይሄን ስትነግረኝ እጄን ያዘችው። ጎንበስ ብላ መሬቱን ነካች፤ ወጣን።

ቆይቶ ልጁ ሲመጣ ለእሱ የነገረችው ሌላውን ነው። «እዚህ ንጉሡ ግብር ያበሉ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላል።»

«በሺህ?»

«አዎ። እንጀራ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጠጅ።»

ዙሪያውን አየና «ዕቃውን ማን ነው የሚያጥበው?» አለ። እማዬ በጥያቄው በጣም ነው የተደሰተችው። ስለ እንጀራ ጋጋሪዎቹ፣ ስለ ጠጅ ጣዮቹ፣ ውሃ ስለሚቀዱት ሴቶች ቁጭ ብላ ነገረችው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሰማት። ባለፈው በአንድ ሰዓት ያላገኘው ታሪክ ነው፤ አሁን አንበሳውን አይቷል፣ ሮጧል፣ ጆሮው ክፍት ነው።

ትንሿ ስትነቃ ወተቷን ጠጣችና ነጠላ ሣሩ ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኳት። አንድ የደረቀ ቅጠል አገኘች። አዞረችው፣ ጨመቀችው፣ ሲሰበር ድምፁን ሰምታ ደነገጠች፣ እንደገና ጨመቀችው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሌላ ነገር አልፈለገችም። ወደ አፏ እንዳታስገባው እጄን አገጯ ሥር አድርጌ ሳያት ቆየሁ። አንበሳውን ጠዋት ስናሳያት ዞር ብላ አላየችውም ነበር። ሰዎች «ሕፃን ምን ይገባዋል ብለሽ ነው የምትወስጂው?» ይሉኛል። እንስሳቱም ታሪኩም አልገቧትም፣ እውነት ነው። ግን ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቅጠል የለም።

ሁሉም ነገር ያማረ እንዳይመስላችሁ። ልጁ ዳቦ በእንቁላሉን ሳይነካው ቀረ፤ ሌሎች ልጆች ቺፕስ ሲበሉ አይቶ እሱን ካልሆነ አለ፣ ገዛንለት። ትንሿ ከወተቱ በኋላ ዳይፐሯ አልፎ እኔ ላይ ፈሰሰ። ለኔ ብዬ የያዝኩት ቲሸርት ያን ጊዜ ነው ያተረፈኝ፤ ለእናት ቅያሪ መያዝን ማንም አይነግረንም።

ታክሲውን በተመለከተ ያልፈታሁት ነገር አለ። በስልክ ስንጠራ የልጅ ወንበር ያለው መኪና አልመጣልንም። ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ነው የሄደችው፤ ልጁን ከኋላ ቀበቶ አስረን በመሐላችን አስቀመጥነው። መኪናው በድንገት ቢቆም እቅፍ ሕፃን አይይዝም፣ አውቃለሁ። አሁን የምናደርገው ሹፌሩን ከመነሳታችን በፊት «አባቴ፣ ልጆች ይዘናልና ቀስ ብለህ» ብሎ መለመን ነው። ይሄ መፍትሔ አይደለም። ትንሽ ብር ስናጠራቅም የራሳችንን ወንበር ገዝተን እየያዝን ለመውጣት አስበናል፤ ከባድ ቢሆንም።

6፡30 ላይ «እንሂድ» አልኩ። ልጁ ገና ደስ ብሎታል፣ ሕፃኗም አላለቀሰችም። ለዚህ ነው የተነሳነው። ሲያለቅሱ መነሳት ማለት ከለቅሶው ጋር እስከ ቤት መሄድ ማለት ነው። ባለቤቴ ወደ ክልሎቹ ማሳያ በኩል አየ። ያን ቀን አላየውም። እማዬም ሳታየው ቀረች። «ይቅር» አለ፤ ልጁን ትከሻው ላይ አወጣው።

ማታ ላይ ልጁ ሳሎን ውስጥ በአራት እግሩ ሲሄድ አየሁት። አያገሳም። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ትከሻውን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ከዚያ በፊት አንበሳ ማለት ማግሳት ብቻ ነበር ለእሱ።

ባለቤቴ በሳምንቱ ብቻውን ተመልሶ ሄዶ የቀረውን ሁሉ እያነበበ አየው። አራት ሰዓት ቆየ።

አሁን ያሰብነው ፊት ለፊት ያለውን ወዳጅነት ፓርክን ነው። እዚያ ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ልጄ ውሃ ሲያይ ይሮጣል፣ ትንሿም አሁን መዳህ ጀምራለች። እማዬ «ለአንድ ልጅ አንድ ሰው፣ ያ ሰው ስልክ አይይዝም» ብላለች። ስልኮቹን ማን እንደሚይዝ ገና አልተስማማንም።